ሁለት ሰው የተሸከመ እግር

ዓለም ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር የአልጋውን ራስጌ መያዝ ነበር። ግራ እግሯን መሬት ስታስነካው፣ ተረከዟ ውስጥ ሚስማር የተቀበረ ይመስል ይጠዘጥዛታል። ጥርሷን ነክሳ ትቆማለች፤ ከዚያ በእግሯ ጠርዝ እየረገጠች፣ ግድግዳ እየደገፈች እስከ በሩ ትደርሳለች። ትንሽ ከተንቀሳቀሰች ሕመሙ ለቀቅ ያደርጋታል። ለቀቅ ሲያደርጋት ደግሞ ሄቨንን የምታዝልበት ሰዓት ይደርሳል።

ሄቨን ልጇ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ምጡ ጠንቶ፣ ታፍና ቆይታ ነው የተወለደችው። እግሮቿ አልታዘዝ አሏት፤ ምላሷም ቃል ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል። አእምሮዋ ግን ምንም አልጎደለበትም። እንዲያውም ቤት ውስጥ ቁልፍ ሲጠፋ የት እንደወደቀ የምትናገረው እሷ ናት፤ አንድ ቦታ ተቀምጣ ሁሉን ስታይ ነው የምትውለው።

ዊልቸር አላት። ግን ቤታቸው አያድርም። ቤታቸው ከኮልፌ ገበያ በላይ፣ ቀጥ ብሎ ከሚወጣው የድንጋይ ደረጃ መጨረሻ ላይ ነው። ባጃጅ አይገባም፤ አህያ እንኳ እየመረጠ ነው የሚረግጠው። ስለዚህ ዊልቸሩ የሚያድረው ታች አስፋልት ዳር፣ በጓደኛዋ በገነት ሱቅ ውስጥ ከለስላሳ ሣጥኖቹ ጎን ነው። ከቤት እስከ ገነት ሱቅ ያለውን መንገድ ሄቨን የምትወርደውም የምትወጣውም በእናቷ ጀርባ ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለጉባኤ፣ ለሕክምና፣ ለሁሉም።

ሕፃን ሳለች ይህ ምንም አልነበረም። ዓለም በነጠላ አዝላት ገበያ ዞራ ትመጣ ነበር። ዓመቱ ሲሄድ ልጅቷ ከበደች፤ እናትየዋም ወፈረች። ድሮ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ጫማ ታደርግ የነበረችው ሴት አሁን አርባ አንድ ቁጥር የወንድ ነጠላ ጫማ ነው የሚሆናት። «ሰው አርባ ካለፈው በኋላ እግሩ ያድጋል እንዴ?» እያለች ከገነት ጋር ስትስቅበት ኖራለች።

ባሏ ፈቀደ ከቦንጋ ኮረሪማና ማር እያስመጣ ኮልፌ ገበያ ይሸጣል። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ሲጨልም ይገባል። ላግዝሽ ሳይላት ቀርቶ አይደለም። በየእሑዱ ጉባኤ ሲሄዱ ጀርባውን ይሰጣል፤ ዓለም ግን «አንተ አያያዙን አታውቅበትም፣ ዳሌዋን ያማታል» ብላ ትቀድመዋለች። ዓለም ባንክ ሰፈር ሄደን ደረጃ የሌለው፣ ግራውንድ ላይ ያለ አንድ ኮንዶሚኒየም እንከራይ ሲላትም አትሰማውም። «በላቤ የሠራሁትን ቤት ጥዬ የሰው ቤት ልግባ?» ትለዋለች። ብሎኬቱን በዚያ ደረጃ ላይ ተሸክመው ያወጡት ሁለቱ ናቸው፤ ስለዚህ ፈቀደም ከዚያ በላይ አይከራከርም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጠዋት ደረጃው መሃል ላይ ግራ እግሯ ከዳት። አልወደቀችም፤ ቁጭ ነው ያለችው። ግን ስትቀመጥ የሄቨን አገጭ ትከሻዋን መታው፤ ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ደም ወጣት። ዓለም ተነሥታ ለመቆም ሞከረች፤ እግሯ እንቢ አለ። ወገቧ ላይ የታሰረውን ነጠላ እንኳ መፍታት አቃታት።

«እማ… አውርጂኝ» አለች ሄቨን።

«የት ላውርድሽ? ጭቃ ነው።»

ገነት ከታች አይታቸው ቀሚሷን ሰብስባ ሮጣ ወጣች። ሄቨንን ከጀርባዋ ፈትታ አቀፈቻት፤ ከዚያ ወደ ዓለም ዞራ «ስሚ፣ ዛሬ ሐኪም ቤት ካልሄድሽ ይሄን ዊልቸር አልሰጥሽም» አለቻት። ቀልዷን አልነበረም። ያን ቀን ሄቨን ከትምህርት ቤት ቀረች፤ እናትና ልጅ በገነት ወንድም መኪና ወደ ዘነበወርቅ ሄዱ።

የሄዱበት ክሊኒክ ትንሽ ነው፤ የእግር ሕመምተኛ የሚታይበት አንድ ክፍል አለው። እዚያ የተቀበለቻቸው ሀይፋ የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ ነጭ ጋውን ለብሳ ሰማያዊ ሻሽ ያደረገች፣ ስትናገር የምትጣደፍ።

«ዶክተር፣ ተረከዜን ነው» አለቻት ዓለም።

«ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አሁን የተነሡትን ራጅ አይቼዋለሁ። አሁን ጫማዎን ያውልቁና እዚህ ምንጣፍ ላይ ይራመዱልኝ። ሰፈር ውስጥ እንደሚሄዱት ነው እሺ? ለፎቶ አይሂዱብኝ።»

ምንጣፉ ጥቁርና ስስ ነው፤ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር በገመድ ተያይዟል። ዓለም እያነከሰች ሄደች፣ ተመለሰች። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን የእግሯ ቅርጽ ወጣ። ለስለስ ብሎ የተረገጠው ቦታ ሰማያዊ ነው፤ ጠበቅ ሲል አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ። ተረከዟና ከጣቶቿ ሥር ያለው ሥጋ ቀይ ነበር።

«ምን ማለት ነው?»

«ሰው ሲቆም ክብደቱን ሁለቱ እግሮቹ ይካፈሉታል፤ ሲራመድ ግን አንዱ ሲነሣ ሌላው ብቻውን ይቀራል። ሲያሳርፉት ደግሞ ከራስዎ ክብደት በላይ ነው የሚደርስበት። ያ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው ሎሚ በምታህል ተረከዝ ላይ ነው። ከዚያ ወደፊት ይሄዳል፣ እዚህ፣ ከጣትዎ ሥር።» ሀይፋ በጣቷ እያሳየች ቀጠለች። «ክብደት ሲጨምር እግር ጫናውን ለማካፈል ይተኛል፣ ይሰፋል። ውስጥ እግርዎ መሃል የነበረው ጎድጓዳ መሬት መንካት ጀምሯል፤ ይኸውልዎት።»

«አርባ አንድ ቁጥር የገባሁት ለዚህ ነዋ!»

«ለዚህ ነው።» ሀይፋ ፈገግ አለችና ወዲያው ኮስተር አለች። «ግን ተረከዝዎ አጥንት ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። የእርስዎ ክብደት ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ምንድን ነው የሚሸከሙት? ውሃ? የገበያ ዕቃ?»

ዓለም በአገጯ ወደ አግዳሚው አመለከተች። ሄቨን እዚያ ተቀምጣ ያበጠ ከንፈሯን በምላሷ ትነካካለች።

ሀይፋ ልጅቷን አየቻት፤ ደረጃውን፣ ጠዋቱን፣ ማታውን ጠየቀች። ከዚያ ትንሽ አመነታችና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አዝለዋት ቢራመዱ? ልዩነቱን ባየው ጫማዎ ውስጥ የሚገባ ሶል በልክ አሠራልዎታለሁ» አለች።

ዓለም አጎንብሳ ጀርባዋን ሰጠች። ሀይፋ ሄቨንን ደግፋ አወጣቻት። ዓለም እንደ ልማዷ ዓይኗን ከእግሯ ሥር ሳታነሣ፣ ምንጣፉ ላይ ሄዳ ተመለሰች። ስክሪኑን ከእናቷ ትከሻ በላይ አሻግራ ያየችው ሄቨን ናት። በእያንዳንዱ እርምጃ ቀዩ ሲሰፋ፣ ቢጫውን ሲበላ፣ ሰማያዊው ጨርሶ ሲጠፋ አየች።

ሀይፋ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጋ፣ «ይሄ ያለ እሷ ነው፤ ይሄ ከእሷ ጋር» አለች። ክፋት የለባትም፤ ሥራዋ ያንን ማሳየት ነው። «ሶሉ ይረዳዎታል። እርስዎም ትንሽ ቢቀንሱ ጥሩ ነው። ዋናው ግን ማዘሉ መቆም አለበት። ካልቆመ አጥንቱ አይገጥምም።»

«እና ማን ያዝልልኝ?» አለች ዓለም። ጥያቄም አልነበረም። ሀይፋ ጎንበስ ብላ የሶሉን ልክ መውሰድ ጀመረች።

ማታ ፈቀደ ሲገባ፣ ዓለም እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣ ነበር። «ምን አሉሽ?» አላት።

«ሶል ይሠሩልኛል። ቀላል ነው አሉ።»

ማዘል አቁሚ መባሏን አልነገረችውም። ብትነግረው የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ዓለም ባንክ፣ ኪራይ፣ ክርክር። ለክርክር የሚሆን ጉልበት አልቀረላትም። ሄቨን ከጥግ አየቻት።

ሶሉ መጣ። ዓለም ጫማዋ ውስጥ አድርጋው እንደበፊቱ መውጣት መውረዷን ቀጠለች። መጀመሪያ ለውጥ የለውም ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ደረጃው ላይ ትንፋሽዋ ረዘመላት። ድሮ ሦስት ቦታ ቆማ ከምትወጣው፣ አንድ ቦታ ብቻ ቆማ መውጣት ጀመረች። ተረከዟ አሁንም ያማታል፤ ግን ከላይዋ የሆነ ነገር የተነሣላት ይመስላት ነበር።

ሄቨን በዚያ ሰሞን ማታ ማታ «ትምህርት ቤት… በላሁ» ትላለች። ጠዋት ገንፎ ሲሰጣት ሆዴን ትላለች። ዓለም ትሰማታለች፤ ግን በደከመ ጆሮ ነው። ሳህኑን አንሥታ ታጥበዋለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግንባሯን ትነካ፣ ምላስሽን አውጪ ትል ነበር። በዚያ ወራት ሳህን አንሥቶ ማጠብ ራሱ በቅቷት ነበር።

አንድ እሑድ ጉባኤው ላይ የምስክርነት ጊዜ ሲደርስ፣ ሽማግሌው ወንድም ነገሬ «ጌታ ያደረገልኝ አለ የሚል?» ሲሉ ዓለም እጇን አወጣች። ብዙ ጊዜ አትመሰክርም፤ ሰው ፊት መቆም አትወድም። ማይኩን ይዛ፣ «እግሬን ታውቃላችሁ። ሐኪም አጥንትሽ ተሰንጥቋል ብሎኝ ነበር። እናንተ ጸለያችሁ። ዛሬ ልጄን አዝዬ ስሄድ እንደ ድሮ አትከብደኝም። ሸክሜን ያቀለለልኝ ጌታ ይባረክ» አለች። ጉባኤው እልል አለ። አንዲት እናት ተነሥተው አቀፏት። ዓለም አለቀሰች፤ ከደስታ ይልቅ ከድካም የመጣ ለቅሶ ነበር።

ሄቨን ዊልቸሯ ላይ፣ ከፊተኛው ወንበር ጎን ነበረች። እንደ ሌሎቹ አላጨበጨበችም። ፊቷ ላይ ግን ፈተና ያለፈች ተማሪ ላይ የሚታይ ዓይነት ነገር ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፀሐይ ስለወጣ፣ ዓለም ውሃ አሙቃ ሄቨንን ጓሮ ባኞ ውስጥ አስቀመጠቻት። ብርዱ ብዙ ስለነበረ ያለፉትን ሳምንታት በጨርቅ ብቻ እያባበሰች ነበር የምታጥባት፣ ያውም ልብሷን ሳታወልቅ በየተራ። አሁን ሙሉ በሙሉ አውልቃት ሳሙና ስትቀባት እጇ ቆመ። የልጅቷ የጎን አጥንቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የትከሻዋ አጥንት እንደ ክንፍ ወጥቷል።

«ሄቪ፣ አሞሻል?»

ሄቨን «አይ» በሚል ራሷን ወዘወዘች።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ሥጋሽ የት ሄደ?»

ሄቨን ውሃውን አየች። መናገር ስትፈልግ አንገቷ ወደ ጎን ይሳባል፤ ዓለም መጠበቅ ለምዳለች። «ቀዩ… እንዲቀንስ ብዬ… ነው።»

«የቱ ቀይ?»

«እዚያ… ቲቪው ላይ። የእግርሽ… ቀይ። እኔ ስወጣ… ሁሉም ቀላ።»

ዓለም ወዲያው አልገባትም። ሲገባት እጇ ላይ ያለው ሳሙና አምልጧት ውሃ ውስጥ ገባ።

«ምሳሽንስ? የማስይዝሽን ምሳ?»

«ለጓደኞቼ… እሰጣለሁ።» ከዚያ ሄቨን ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ ውስጥ ተስፋ ነበረ። «ቀነሰ… አይደል? ቸርች… ተናገርሽ። ቀለለኝ… ብለሽ።»

ዓለም እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። ቀሚሷ ውሃውን እየመጠጠ ከበዳት። ልጅቷን በጥፊ ልትላት አሰበች፤ ሀይፋን ሄዳ ልትጮህባት አሰበች፤ ማይኩን ይዛ የቆመችውን ራሷን ደግሞ ምን እንደምታደርጋት አላወቀችም። ለወራት በጀርባዋ ላይ ስትቀልል የነበረችው ልጇ ናት። እሷ ግን ይህን ፀሎቷ የተሰማበት ምልክት ነው ብላ፣ ሰው አስጨብጭባበታለች።

«እማ… ውሃው… በረደ» አለች ሄቨን።

ዓለም በጉልበቷ ተነሣች። በፎጣ ጠቀለለቻትና ወደ ደረቷ ሳበቻት። ከአፏ የወጣው፣ «ይቅላ። እግሬ እንዳለ ቀይ ይሁን። አንቺ ብቻ ብይልኝ፣ ሰማሽ?» የሚል ነበር። ሄቨን ራሷን ነቀነቀች፤ ግን ያመነች አትመስልም።

ፈቀደ ማታ ሲገባ ዓለም ሁሉን ነገረችው። የሐኪሟን ምክር፣ የደበቀችውን፣ ባኞውን። እሱ ካፖርቱን ሳያወልቅ ቆሞ ሰማት።

«ልዝላት ያልኩሽ ስንት ጊዜ ነው?» አላት፣ ሳይጮህ።

«ብዙ ነው።»

«ታዲያ ለምን?»

ዓለም እግሯን አየች። «እኔ እንጃ። እኔ ካላዘልኳት… እሷን ለመውለድ ያንን ሁሉ ሰዓት ሳምጥ፣ ቶሎ አላወጣኋትም። እግሯን እኔ የወሰድኩባት ይመስለኛል። ስለዚህ የእኔን እሰጣታለሁ ብዬ ነው መሰለኝ።»

ፈቀደ ይህን ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም። አጠገቧ ተቀመጠ። ካፖርቱ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል።

«አንቺ አይደለሽም የወሰድሽባት» አላት።

«አውቃለሁ። ማወቁ ግን አያሳርፈኝም።»

«እኔም አባቷ ነኝ፣ ዓለሜ። እኔም ጀርባ አለኝ።»

ዓለም እግሯን በእጇ ዳበሰች። ቆይታም፣ «ያ ያልከኝ የዓለም ባንኩ ቤት አለ?» አለችው።

«ያማ ድሮ ተይዟል። ሌላ ይፈለጋል።»

ተፈለገ። ዓለም ባንክ ግራውንድ ላይ፣ በሩ ለዊልቸር የሚበቃ አንድ ቤት ተገኘ፤ ኩሽናው ጠባብ ነው፣ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ወንበር ሲጎትቱ ይሰማል። የኮልፌውን ቤት ለአንድ ወጣት ባልና ሚስት አከራዩት። ዓለም ቁልፉን ስትሰጣቸው የበሩን መዝጊያ እንዴት ከፍ አድርገው እንደሚገፉት ደጋግማ አሳየቻቸው፤ ገብቷቸው ሳለ እንደገና አሳየቻቸው።

በሚወጡበት ቀን ሄቨንን ያዘላት ፈቀደ ነው። አያያዙን በእርግጥ አላወቀበትም፤ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ዓለም ነጠላውን ደጋግማ አጠበቀችለት፣ ከዚያ እሱ ፊት ፊት እንድትሄድ አዘዛት። ምንም ሳትይዝ ያንን ደረጃ ስትወርድ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ይመስላት ነበር። ጀርባዋ በረዳት። ከኋላዋ የባሏን ማለክለክና የልጇን ሳቅ ትሰማለች፤ ዞራ ላለማየት ራሷን ያዘች። ገነት ሱቋ በር ላይ ዊልቸሩን ጠራርጋ ጠበቀቻቸው፤ «አሁን ሣጥኖቼ ብቻቸውን ቀሩ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወደ ሀይፋ ተመልሰው ሄዱ። ዓለም የሆነውን ስትነግራት ወጣቷ ብዕሯን አስቀመጠች። ከሄቨን ዊልቸር ፊት ቁጢጥ ብላ፣ «ያንን ላንቺ ማሳየት አልነበረብኝም። የኔ ጥፋት ነው» አለቻት። ቀጥላም፣ «ስሚኝ የኔ ቆንጆ፤ የእናትሽን እግር የሚያድነው ማረፉ ነው። ያንቺ መራብ አጥንት አይጠግንም» አለቻት። ሄቨን በጥሞና ሰማቻት። ሰው በቁም ነገር ሲያናግራት ትወዳለች።

ነገሩ ግን በአንድ ቀን አልተስተካከለም። ሆዷ መብላት ረስቶ ነበር፤ ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ታቅለሸልሻለች። እያንዳንዱ ማዕድ ድርድር ሆነ። ዓለም ታባብላለች፣ ትቆጣለች፣ ተስፋ ትቆርጣለች፣ በማግስቱ ደግሞ እንደገና ትጀምራለች። የተረከዟ ሚስማርም ጨርሶ አልወጣም፤ ጠዋት ጠዋት ላይ ብቻ ይጠይቃታል። አዲሱ ሰፈር ውስጥ አብረው የሚጸልዩ ሰዎች ገና አላገኘችም። አንዳንድ ቀን ከሰዓት፣ ሄቨን ትምህርት ቤት ሳለች፣ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ድካም ብቻ ይሰማታል፤ የዚያ ሁሉ ዓመት ድካም ተሰብስቦ፣ አሁን ገና ቦታ ያገኘ ይመስል።

አንድ ማታ ቆጮና ጎመን ቀርቦ ሦስቱ ተቀምጠው ነበር። ፈቀደ ስለ ገበያው ያወራል፤ ዓለም በግማሽ ልብ ትሰማለች። ሄቨን ሳህኗን ጨርሳ ቆይታለች፤ ማንም አላስተዋላትም። አንገቷ ወደ ጎን ተሳበ፤ ሁለቱም ጠበቋት።

«ጎመኑን… ትንሽ… ጨምሩልኝ።»

ዓለም ልትነሣ እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ፈቀደ ቀድሟት ተነሣ። ድስቱ የት እንዳለ እንኳ በደንብ አያውቅም፤ ኩሽና ውስጥ ክዳን ሲያንኳኳ ይሰማል። ዓለም «ግራ በኩል ነው» ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው፤ እግሯን ወንበሩ ላይ አድርጋ ተደገፈች።